ላምባ የሸተተ ቅቤ

ጣሳው ባዶውን ተመለሰ!

ባዶ ጣሳ ምን ያስደስታል የሚል ይኖራል። ይበል። እኔ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ያንን የዱቄት ወተት ጣሳ እንደ ሕፃን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት፤ ስትስቅ እንባዋ ይቀድማታል፣ ስታለቅስ ሳቋ ያመልጣታል። ደብተሮቼን የት እንደጣልኳቸው እስካሁን አላውቅም። አንድ የኢተያ ልጅ የሆነ ወታደር ክንዱ ቆስሎ የሕመም ፈቃድ ተሰጥቶት ቤተሰቦቹ ጋ መጥቶ ኖሯል፤ ለዚሁ ብሎ በእህል መኪና ተሳፍሮ አሰላ ድረስ አመጣልን። ወንድሜ በሕይወት አለ። ደኅና ነው። ከጣሳው ጋር አንድ ቃልም ልኳል፤ እሱን ግን አሁን ብነግራችሁ አይጥማችሁም። መጀመሪያ የቅቤውን ነገር መስማት አለባችሁ።

የአማርኛ አስተማሪያችን "የሆንሽውን ጻፊ" ካለችኝ ወዲህ እጄ አርፎ አያውቅም። እስከዛሬ የጻፍኩት ግን ሁሉ ትንንሽ ብልሃት ነው። የፋኖስ ብርጭቆ በአመድና በአሮጌ ጋዜጣ ሲወለወል እንዴት እንደሚጠራ፣ ዝገት በሎሚና በጨው እንዴት እንደሚለቅ፣ የጉንዳን መንገድ በአመድ እንዴት እንደሚዘጋ። የክፍላችን ልጆች "የጓዳ ሚኒስትር" ብለውኛል፤ ሹመቱን ተቀብያለሁ። የዛሬውም ያው ብልሃት ነው፤ ይህንን ግን የተማርነው ተጨንቀን ነው።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጠው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው። መኪናው ማክሰኞ ጠዋት ከቀበሌው በር ይነሣል ተባለ። እናቴ ያን ዕለት አላለቀሰችም። "ጭኮ ላሽለት" አለች።

በእኛ አገር ሩቅ የሚሄድ ልጅ ያለ ጭኮ አይሸኝም። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፣ በነጠረ ቅቤና በቅመም ይታሻል፣ ከዚያ ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ ወራት ይቆያል። እሳት አይፈልግ፣ ውኃ አይፈልግ። የትም ተቀምጠህ አንድ ቁራሽ ስትጎርስ ቀኑን ያውልሃል። ለእናቴ ግን ስንቅ ብቻ አልነበረም። ልጇን ከመኪናው ልታወርደው አትችልም፤ የሚሄድበትን አገር ስሙን እንኳ አልነገሯትም። በእጇ የቀራት ነገር ጭኮው ብቻ ነበር።

ገብሱ ነበረን። ቅቤውም ነበረን፤ አክስቴ ለፋሲካ ብላ ከሩቅ፣ ከጎበሳ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ የላከችልን። ማሰሮ ውስጥ ሆኖ ከአልጋ ሥር ተቀምጧል። ለምን ከአልጋ ሥር ትሉኝ ይሆናል። እናንተስ የት ነው የምታስቀምጡት? ስኳርም ሳሙናም ላምባም ሲገኝ የሚገባው ከአልጋ ሥር ነው፤ ድንገት የገባ ሰው "እነዚህማ ሞልቶላቸዋል" እንዳይል፣ ስማችን ከአከማቾች ጋር እንዳይነሣ። ክፋቱ የላምባው ጀሪካንም ከቅቤው ጎን መሆኑ ነው። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉ የተወተፈው በበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሽታው ግን በቆረቆንዳው ውስጥ ቀስ ብሎ እየወጣ፣ ከአልጋው ሥር መሄጃ ሲያጣ፣ ቅቤው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ማሰሮውን ከፈተችና ፊቷ ተለወጠ።

"ነይ እስቲ አንቺ አሽትቺው።"

አሸተትኩ። ምን ልበላት?

"ትንሽ..." አልኩ።

"ትንሽ ምን?"

"ትንሽ ኩራዝ ኩራዝ ይላል።"

እናቴ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። "ልጄን ላምባ አብልቼ ልሰደው ነው" አለች። ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

ወንድሜ ከውጭ ገብቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። እሱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ቤት ሲቃጠል እጁን የሚያሞቅ ዓይነት። "ምን አለበት እማዬ፣ ክብሪት ብቻ ጨምሪልኝ። ሲጨልምብኝ አንድ ጉርሻ አበራለሁ፣ ሲርበኝ እፍ ብዬ እበላታለሁ!"

"ዝም በል አንተ! ጉደኛ!" ብላ የያዘችውን ጨርቅ ወረወረችበት። ጨርቁ ሳይደርስ ወደቀ። እሱም ሳቁን አቆመ፤ ከመሬት አንሥቶ አጥፎ መለሰላት።

ሌላ ቅቤ እንዳትገዙ ማን ከለከላችሁ እንዳትሉን። ዝናቡ ዘግይቶ ላሞቹ ሁሉ ነጥፈው ነበር፤ እናቴ ገበያውን ሁለት ጊዜ ዞራ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ነው የተመለሰችው። ጎበሳ ሄዶ ለመመለስ ደግሞ ጊዜ የለም።

እንግዲህ ብልሃቱ እዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ የማይሠራውን ልንገራችሁ፤ እናንተም እንዳትደክሙ።

ሎሚ አይሠራም። አባቴ "ሎሚ የማያጠፋው ሽታ የለም" ብሎ ጥቂት ቅቤ በሲኒ ቀንሶ ሎሚ ጨመቀበት። ቅቤው ላምባም ሎሚም አለ፤ ጋራዥ ውስጥ ሻይ የቀረበልን መሰለ። አባቴ ሲኒውን ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ፤ የት እንደደፋው አልጠየቅነውም።

ቅመም ማብዛትም አይሠራም። እናቴ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን ጨምራ ሌላ ጥቂት አቀለጠች። መጀመሪያ ሸፈነው፤ ልባችን ሊመለስ ነበር። ሲቀዘቅዝ ግን ላምባው ቅመሙን ለብሶ ብቅ አለ፣ የሠርግ ልብስ የለበሰ ሌባ ይመስል። ቅመም ሽታን ይሸፍናል እንጂ አያባርርም። ይህን ያዙልኝ።

አጥራችን አጥራቸው የሆነ አንዲት ወተት የሚሸጡ ሴት አሉ፤ የእሳቸውም ላም ያን ሰሞን ነጥፋ ነበር። ኦሮምኛ ነው አፋቸው የተፈታበት፤ ሰፈሩ ሁሉ "አዳዳ" ነው የሚላቸው፣ የአባት እኅት እንደማለት። የእናቴን ለቅሶ ሰምተው በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። ማሰሮውን አሸተቱና አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ቅቤ ጆሮ ጠቢ ነው" አሉ። "አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይሰማል፣ ሁሉን ይናገራል።"

"ኧረ ቀስ ይበሉ አዳዳ!" አለች እናቴ ወደ መንገዱ እያየች፤ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሳቅ አመለጣት።

"ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ። ስሚኝ። ውኃ አብዢበትና አፍዪው፤ አትክደኚው። እንፋሎቱ ሲወጣ ሽታውን ይዞት ይሂድ። ከዚያ ደጅ አሳድሪው። ጠዋት ቅቤው ከላይ ይደርቃል፣ ውኃውን ከሥር ትደፊያለሽ። እንደገና ታፈያለሽ።"

"ይለቅ ይሆን?"

"እኔ እንጃ። ጭስ ለገባው ቅቤ ሠርቶልኛል። ላምባ ግን... ያ ረቢ፣ ላምባ ያበላሁት ቅቤ ኖሮኝ አያውቅም።"

ከእንጨት ምድጃው ላይ ሰፊውን ድስት ጣድን። ውኃው ገና ሲንተከተክ የቅቤው ሽታ መንደሩን ሞላው። አስቡት፣ በሁዳዴ! ከላይኛው ሰፈር የሚመጡ አንዲት ሴትዮ በራችን ላይ ቆም ብለው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

"ምነው፣ የእናንተ ፋሲካ ቀደመ እንዴ?"

"የሚበላ አይደለም እመት" አለች እናቴ።

"ታዲያ የሚሸተት ነው?"

እናቴ አፈረች፤ አንገቷን ደፋች። አዳዳ ከወዲያ ሆነው "አምጪው ወዲህ!" ብለው ጮኹ፤ ድስቱን በመያዣ ጨርቅ ይዘን በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እሳቸው ግቢ አሻገርነው። እዚያ ቢሸት ማንም ምን አይልም ብለን። እሳቸውም ግን የረመዳን ጾም ላይ ነበሩ! ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነበር የሚጾመው። ሁለቱ ጾመኞች በድስቱ ግራና ቀኝ ቁጭ ብለው፣ አንዷም ጣቷን ሳትልስ፣ አንድ ቀን ሙሉ ቅቤ ሲያማስሉ ማየት ነበረባችሁ።

እሑድ ጠዋት ከጭላሎ የሚወርደው ብርድ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ቅቤው ከላይ እንደ ቢጫ ክዳን ጠጥሮ ተቀምጧል። በማንኪያ እጀታ ጠርዙን በሳንና ከሥሩ ያለውን ውኃ ደፋን። ውኃው ላምባ ላምባ ሸተተ። እናቴ ያን ውኃ እያየች ለመጀመሪያ ጊዜ ተነፈሰች፤ ውኃው ከሸተተ ከቅቤው ወጥቷል ማለት ነው።

ቅቤው ግን አሁንም ይሸታል።

በዚህ ጊዜ ነው እኔ የቤት አያያዝ ክፍለ ጊዜ ትዝ ያለኝ። የሽንኩርት ሽታ የያዘ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሰል ብታስቀምጡ ሽታውን ይስባል ብለውናል። ከቁም ሳጥን ሽታ የሚስብ ከሰል ከድስት እንዳይስብ ምን ይከለክለዋል?

"እማዬ፣ ከሰል እንጨምርበት።"

"ከሰል? ቅቤ ውስጥ? ጥቁር ጭኮ ልታበይው ነው?"

"በጨርቅ ቋጥረን ነው።"

"አሁንስ ይቺ ልጅ..." ብላ ወደ አዳዳ ዞረች። አዳዳ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ "ከዚህ ወዲያ ምን ይበላሻል?" አሉ።

ያልነደደ ደረቅ ከሰል መርጬ ውኃው እስኪጠራ አጠብኩ፤ ንጹሕ አቡጀዲ ደራርቤ ቋጠርኩትና ውኃና ቅቤው ሲፈላ ጣልኩት። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቋጠሮው ከላላ አለቀላችሁ። ድርቡን አብዙት፣ ክሩን አጥብቁት። ሲፈላም ሆነ ሲቀዘቅዝ ከውስጡ አላወጣነውም።

ሰኞ ቅቤው ሦስተኛውን ፍል ከጨረሰ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። አሸተትን፣ ግን ምንም መለየት አልቻልንም። ሁለት ቀን ስናሸት ውለን አፍንጫችን ደንዝዟል፤ የእጃችንን ሳሙና እንኳ ላምባ ነው እንላለን። መቅመስ ነበር የሚያዋጣው። ማን ይቅመስ? እኛ ሁዳዴ፣ አዳዳ ረመዳን። ወንድሜ "እኔ ልቅመስ፣ ዘማች ነኝ፣ እግዜር ይቅር ይለኛል" አለ። እናቴ "በስንብትህ ዋዜማ ጾም ልትፈታብኝ ነው?" ብላ ማንኪያውን ከእጁ ነጠቀችው። በዚያ ሳምንት በሰፈራችን የማይጾም ፍጡር የአዳዳ ድመት ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ዕለት፣ ገና ከማሰሮው ስናወጣው፣ ለዚችው ድመት ጥቂት ጥለንላት ነበር፤ አሽትታ የፊት እግሯን አራግፋ፣ እንደ ተሰደበች ዞር ሳትል ነው የሄደችው። ሰኞ በድጋሚ አቀረብንላት። አራታችን ከበብናት። አሸተተች። ቀና ብላ አየችን። ከዚያ ላሰች፤ ሳህኑ ከመሬቱ ጋር እስኪፋተግ ድረስ ላሰች።

"ፍርድ ቤቱ ወሰነ!" አለ ወንድሜ።

"ድመት ምን ታውቃለች?" አለች እናቴ። "አይጥ የምትበላ ፍጥረት! በእሷ ምስክርነት ልጄን ላበላ?"

ስለዚህ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅን። አዳዳ ጾማቸውን በውኃ ፈቱ፤ ከዚያ ከሁሉ በፊት የእኛን ቅቤ በጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ የሞት ፍርድ እንደሚነበብላት ሰው ቆማለች።

"ቅቤ ነው" አሉ አዳዳ። "ቅቤ፣ ቅቤ ነው የሚለው።"

"እውነቱን ይንገሩኝ አዳዳ። ስላዘኑልኝ እንዳይሆን።"

"ወላሂ! በረመዳን ልዋሽ?"

እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ቅመሙ ገባ፣ ቅቤው ነጠረ፣ የገብሱ ዱቄት ታሸ። ጣሳውን አባቴ ቀድሞ በአመድና በፈላ ውኃ አጥቦ፣ የዛገ ጠርዙን በሎሚና በጨው ፈትጎ ነበር፤ ሎሚው በመጨረሻ ቦታውን አገኘ። ውኃ ሞልተን ደፍተን እንደማያፈስ አየን፤ እስኪደርቅ ምድጃው ዳር አቆምነው። ጭኮው በጡጫ እየተጠቀጠቀ ገባ፤ አየር የቀረበት ቦታ ይሻግታልና። ከላይ ቀጭን የቅቤ ሽፋን አለበስነው፤ ክዳኑን በቀለጠ ሻማ ዙሪያውን አሸግነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወንድሜ ጣሳውን በብብቱ ይዞ መኪናው ላይ ወጣ። ብዙ እናቶች ነበሩ፤ ብዙ ጣሳም ነበረ። መኪናው ሲነሣ ክዳኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተና አውራ ጣቱን አሳየን። እናቴ ግን ያየችው ማሽተቱን ብቻ ነው። "አየሽው? ሸቶታል" አለችኝ።

ከዚያ የወንድሜ ወሬ ጠፋ። ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። እናቴ ዶሮውን ያለ ቅቤ ሠራች። ክረምቱ ገባ። እኔ የምጽፈው ሁሉ ብልሃት ያን ጊዜ ምን ያደርግላታል? ሌሎች እናቶች ልጄ ተመቶ ይሆን፣ ታሞ ይሆን ነበር የሚሉት። የእኔ እናት ግን ሌላ ጭንቀት ነበራት፤ ለማንም የማትናገረው። አንድ ቀን ልብስ ስናሰጣ በቀስታ ጠየቀችኝ።

"በትምህርት ቤት ይነግሯችኋል አይደል... ላምባ ሰው ይገድላል?"

"እማዬ፣ አዳዳ ቀምሰውታል። ምንም የለውም።"

"እሳቸው አንዲት ጣት ነው የቀመሱት። እሱ ጣሳ ሙሉ ነው የሚበላው። እኔ እናቱ አልቀመስኩለትም።" የያዘችውን አንሶላ ጨመቀችው፤ የሚወጣ ውኃ አልነበረውም። "ሳልቀምስ ነው የሰጠሁት።"

ከዚያ ወዲያ ዳቦ ስትቆርስ ታሸታለች። የእጇን መዳፍ ታሸታለች። የላምባውን ጀሪካን ከቤት አውጥታ እንጨት ቤት ወረወረችው፤ አባቴ ኩራዝ ሊሞላ ሲሻ ዝናብ እየመታው እዚያ ድረስ ይሄዳል፣ አያጉረመርምም። ቅቤ እቤታችን አልገባም። ራሷን ሲያማት እንኳ አናቷ ላይ ቅቤ አላስነካችንም። ከአዳዳ ጋርም ዓይን ለዓይን መተያየት ቀነሰች፤ አዳዳ ይህን አውቀው ጠዋት ጠዋት ወተቱን በአጥሩ ቀዳዳ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ያደረግሁላት ሁሉ ምንም አልሠራም። ለዝገት ሎሚ አለው፣ ለሽታ ከሰል አለው፤ እንዲህ ላለው ግን ጓዳ ውስጥ ፈልጌ ምንም አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዛሬ ልመልሳችሁ።

እኔ ሳልደርስ የሆነውን አባቴ እንደነገረኝ፣ ወታደሩ ጣሳውን ለእናቴ ሰጥቷት ወንበር ሲስቡለት አልቀመጥ አለ፤ ዓይን አፋር ነው። "እንዲህ በላት ብሎኛል" አለ። "ጭኮው አልቋል። አምስት ሆነን ነው የበላነው፤ እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ አልሻገተም። ሌላ ትላክልኝ። በዚህኛው ግን ላምባውን ቀነስ ታድርግልኝ ብሎኛል።" ከዚያ ራሱን አከከ። "እኔ እንኳ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም እናቴ። ላምባ የሚባል አልቀመስኩበትም፤ እኔም በልቻለሁ።"

እናቴ መጀመሪያ ጮኸች። ያ ቀልድ ከእሱ በቀር ከማንም አፍ አይወጣም፤ ፎቶግራፉ ቢመጣላት እንኳ እንዲህ አታምንም ነበር። ከዚያ ያንን ጣሳ ከፍታ አፍንጫዋን እስከ ግንባሯ ከተተችው። የገብስ ዱቄት አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ይዛ ወጣች። "ኮረሪማ" አለች። "ኮረሪማ ኮረሪማ ነው የሚለው!" በባዶ እግሯ ሮጣ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ፣ ጣሳውን አዳዳ አፍንጫ ላይ ደቅና፣ ሁለቱም ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ድመቷ ደንግጣ አጥሩ ላይ ወጣች።

እና እኔ ይህን የምጽፈው እናቴ "ጻፊው፣ ለሰውም ንገሪልኝ" ብላኝ ነው። ያለችውን ሳልቀንስ ላድርስ፦

ወታደሩ ፈቃዱ ሲያልቅ ይመለሳል፤ ጣሳ እወስዳለሁ ብሏል። ልጇ፣ ወንድሟ፣ ባሏ እዚያ ያለባት ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት እኛ ግቢ ትምጣ። አዲሱ ገብስ ደርሷል፤ የተቆላ ገብስ ያላት ገብስ፣ ቅመም ያላት ቅመም ታምጣ፤ ምንም የሌላት እጇን ታጥባ ትምጣ። ክዳን ያለው ጣሳ አትርሱ፤ በአመድ እጠቡት፣ ውኃ ሞልታችሁ አለማፍሰሱን እዩ። ቅቤው ከአልጋ ሥር የከረመ ከሆነ አታፍሩ፣ እሱንም አምጡት፤ ከሰሉን እኔ አጥባለሁ። አዳዳም ድመታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

ቅዳሜ ደግሞ ጾም አይደለም። እናቴ እያንዳንዱን ጣሳ ራሷ ትቀምሳለች።